በደረት የሚሰማ ድምፅ፤ አምስት ቀን በአዳማ

ማክሰኞ

ከሐዋሳ ስንነሳ ሐይቁ ላይ ያለው ጉም ገና አልተገፈፈም። በአሣ ገበያው በኩል አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ሳያራግብ ከሚኒባሳችን በላይ ሲያልፍ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ በዓይኔ ሸኘሁት። ሰማይ ላይ የሚያልፍ ነገር ካለ ቀና ብዬ ሳላይ አልሄድም። ይህን ያስለመደኝ አጎቴ ነው። ጋሼ ከ1964 እስከ 1983 ዓ.ም. በአየር ኃይል የተዋጊ አይሮፕላን መካኒክ ነበር። ልጅ ሆኜ ክረምቱን አዳማ እነሱ ቤት ስከርም፣ የሰፈሩ ልጆች ብይ ሲጫወቱ እኔ ከእሱ ጋር ግቢ ውስጥ ቆሜ የሚመጣው ምን እንደሆነ እገምት ነበር።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ አዳማ የምሄደው ባለቤቱ ስለደወለችልኝ ነው። «ልጄ፣ ጋሼሽ በር ሲንኳኳ አይሰማም። ባለፈው ወተት ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋው አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል። ጠያራ ስትመጣ ግን ከሁላችን ቀድሞ ብድግ የሚለው እሱ ነው። እልህ ይሁን ሕመም አልገባኝም» አለችኝ። ነርስ ነኝ፤ እልህ እንዳልሆነ ከንግግሯ ገባኝ። ጆሮ ሐኪም ጋ እኔ ራሴ ልወስደው ወሰንኩ።

ሻሸመኔ ላይ እንደ ወትሮው ግርግር፣ አርሲ ነገሌ ላይ ቁርስ። የነቢያት ጾም ስለገባ በሻይና በዳቦ ተገላገልን። ከላንጋኖ እስከ ባቱ ተኛሁ። መቂ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ሻጮቹ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ከሞጆ በፊት መንገዱ ዳርና ዳር ጤፉ ታጭዷል፤ ነዶው ተከምሯል፣ አንዳንዱ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ።

እዚህ አካባቢ ስደርስ ሁልጊዜ የማስበው አያቴን፣ የጋሼን እናት ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጠያራ ሲመጣ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እናቷ ማሽላ ውስጥ ደብቃ አፏን በእጇ ትይዛት ነበር፤ ድምፅ ከታች ወደ ላይ የሚሰማ መስሏት። አምስት ዓመት አልፎ በ1933 መጋቢት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ጦር ከድሬዳዋ አዋሽን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ በአናታቸው ላይ የሚያልፉት የወዳጅ አይሮፕላኖች ነበሩ። አያቴ ግን ልዩነቱን አላወቀችም። ያኔም ሮጣ ማሽላው ውስጥ ገባች። «የማን እንደሆነ ከሥሩ ላለ ሰው አይነግርም» ትል ነበር። ጋሼ ይህን ስትናገር ደስ አይለውም ነበር፤ እሱ የሞተር ሰው ነው፣ እያንዳንዱ ሞተር የራሱ አንደበት አለው ብሎ ያምናል።

አዳማ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። በአዲስ አበባ አቅጣጫ ተራራው ጫፍ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይሽከረከራሉ፤ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102 ተተክለዋል። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ፊቴ ላይ ሲያራግፍብኝ ደረስኩ ማለት ነው። ባጃጅ ይዤ ከፍራንኮ ወደ ላይ ወጣሁ።

ጋሼ ከቆርቆሮው በር አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ። ሦስቴ አንኳኳሁ። አልሰማም። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ግን ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ ዘወር አለ። «አንቺ! መቼ ደረስሽ?» ብሎ ሲስመኝ ድምፁ ከድሮው በጣም ጮክ ያለ ነበር።

ረቡዕ

ክሊኒኩ ውስጥ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርገው ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ድምፅ ሲሰማ እጁን እንዲያነሳ ተነገረው። ከመስተዋቱ ውጭ ቆሜ አየው ነበር። መጀመሪያ ላይ እጁን ቶሎ ቶሎ አነሳ። ከዚያ ቆም አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። መርማሪዋ ማሽኑን እየጨመረች፣ እየጨመረች ሄደች፤ እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ፀሎት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያን መጠበቁን አልረሳውም።

ወረቀቱ ሲወጣ መስመሩ ከግራ ደህና ሆኖ ይጀምርና 4000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ገደል እንደገባ ወደ ታች ይወርዳል። ቀኝ ጆሮው ይብሳል። ይህ በጩኸት ውስጥ የሠራ ሰው ጆሮ መልክ ነው፤ ፋብሪካ የሠሩትም፣ መድፈኞችም እንዲሁ ነው የሚወጣላቸው። 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በቀን 8 ሰዓት ለዓመታት ከተሰማ ጆሮን መጉዳት ይጀምራል፤ ሞተሩ የተነሳ ተዋጊ ጄት አጠገብ ደግሞ ከ130 ያልፋል። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚሞቱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው፤ የወፍ ጩኸት፣ የስልክ ጥሪ፣ የሴትና የሕፃን ድምፅ፣ በንግግር ውስጥ «ሰ» እና «ፈ»። ወፍራሙ፣ የሚያጉረመርመው ይቀራል።

ሐኪሙ በዘመኑ ጆሮውን በምን ይሸፍን እንደነበር ጠየቀው። «መጀመሪያ ጥጥ ነበር» አለ ጋሼ። «በኋላ ማዳመጫ መጣ። ግን ሞተሩ ደህና መሆኑን የምታውቀው በጆሮህ ነው። ሸፍነህ እንዴት ትሰማዋለህ?» ሐኪሙ መልስ አልሰጠም። የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ እንደሚረዳው ነገረን፤ ዋጋውን ሲነግረን ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ «እናስብበት» አለ። ማሰብ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ አስቤበታለሁም።

ከሰዓት ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ከምዕራብ በኩል ስስ ፉጨት መጣ። ቀና አልኩ። ጋሼ ስለ ጎረቤቱ ጉድጓድ እያወራ ነው። ፉጨቱ ቀረበ፣ እሱ አሁንም ስለ ጉድጓዱ ያወራል። እኔ ቀና ማለቴን አይቶ ነው ወሬውን ያቋረጠው። ልጅ እያለሁ ያስተማረኝን አስታወስኩና ድምፁ ካለበት ሳይሆን ከፊቱ ፈለግኩት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ አይሮፕላኑ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ጆሮሽ የሚሰማው ከ9 ሰከንድ በፊት የነበረበትን ነው። በዚያ 9 ሰከንድ ጄቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ጥሎሽ ሄዷል። ሰው ሁሉ ሰማዩን ፈልጎ «የለም» የሚለው ለዚህ ነው። ከድምፁ ፊት ሁለት ሦስት ስንዝር ሄደሽ ፈልጊ፣ ይለኝ ነበር።

አገኘሁት። በጣቴ አሳየሁት። ጋሼ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ለአፍታ አየና «ኤል 39 ናት» አለ። «ክንፏ ቀጥ ያለ ነው፣ ጫፉ ላይ ነዳጅ መያዣ አላት። የቼክ ሥራ፣ ማሠልጠኛ።» ዓይኑ አሁንም የጭልፊት ነው። ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ድምፅ አላት?» አለኝ።

«ታፏጫለች» አልኩት።

«ኤፍ ፋይቭም ታፏጭ ነበር» አለ። «ሁለት ትንንሽ ሞተር፣ ጄ 85። እንደ እረኛ ዋሽንት ነበር የሚመጣው። እንግዲህ አሁን ኤፍ ፋይቭ ብትመጣ አልሰማትም ማለት ነዋ።»

ማታ ከመኝታ በፊት የመሣሪያ ሳጥኑን አወጣ። ውስጡ ማለቂያ የሌለው ብሎን አለ፤ እሱ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ መርጦ ሰጠኝ። 7/16 ተጽፎበታል። ጠርዙ ተበልቷል፣ እጀታው መሐል አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብረቱ ሟሟቶ ጎድጉዷል። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት፤ ሰፋኝ። የአሜሪካ አይሮፕላን በኢንች ነው የሚፈታው። አሜሪካኖቹ በ1969 መሣሪያና መለዋወጫ ማቅረብ አቁመው ሶቪየቶቹ ሚግ ይዘው ሲመጡ ብሎኑ ሁሉ በሚሊሜትር ሆነ። «እጄ ኢንች ነው የሚያውቀው» አለ ጋሼ። «7/16 ቁልፍ 11 ሚሊሜትር ብሎን ላይ የሚገባ ይመስላል፤ ትንሽ ይላወሳል። ያቺ ትንሽ ነች ብሎኑን የምታበላሸው። ስንት ወር ሌሊት በህልሜ ቁልፍ እቀይር ነበር።»

ሐሙስ

ቢሾፍቱ። ጋሼና የድሮ ጓደኞቹ በወር አንዴ ሆራ ሐይቅ አጠገብ ቡና ይጠጣሉ። ከአዳማ መናኸሪያ ተሳፍረን ስንሄድ ጋሼ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ አንድ ታሪክ ነገረኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቴ እንደነገረኝ ረስቶታል፣ እኔም አላስታወስኩትም።

በመጋቢት 1933 የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች በሃሪኬን ድሬዳዋ የነበረውን የጣሊያን አይሮፕላን ማረፊያ ይመታሉ። ጆን ፍሮስት የተባለው ካፒቴን ከመሬት ተመትቶ የጠላት ሜዳ ላይ በግድ ያርፋል። ጓደኛው ቦብ ከርሾው ያየዋል፤ እየተተኮሰበት ወርዶ ያርፋል። ሃሪኬን አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ተዋጊ ነው። ፍሮስት ጓደኛው ጭን ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ መሪውን ያዘ፣ ሌላው ጎማና የክንፍ ማሳረፊያውን ሠራ፤ እንዲህ ሆነው ተነሱ። «እስቲ አስቢው» ይለኛል ጋሼ፣ ጉልበቱን እየመታ። «እዚህ ላይ ነው የተቀመጠው!» ከኋላችን ያሉ ተሳፋሪዎች ሁሉ ሰሙት፤ እንደዚያ ነው የሚያወራው አሁን።

ሆራ ላይ አምስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ፎቶ አላነሳሁም፤ የጦር ሰፈር ባለበት ከተማ ካሜራ ወደ ሰማይ ማዞር የሚያመጣውን እነሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ወሬያቸው ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ይዘላል። አንደኛው ስለ መጀመሪያው አይሮፕላን፤ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስላረፈው የፈረንሳይ ፖቴዝ 25። ሌላው ስለ «ፀሐይ»፤ በ1928 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚሁ አገር ሠርቷት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ተጠርታ፣ ጣሊያን ወስዷት በሙዚየም ዕድሜዋን ከገፋች በኋላ በጥር 2016 ወደ አገሯ ተመለሰች። «ቴሌቪዥን ላይ ሳያት አለቀስኩ» አሉ አንዱ፣ ያለ ኀፍረት። ጆን ሮቢንሰንም ተነሳ፤ በ1927 ከአሜሪካ መጥቶ ያልታጠቁ ጥቂት አይሮፕላኖች ይዞ በጣሊያን ሰማይ ሥር መልእክት ያመላለሰው ጥቁር አሜሪካዊ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ የእኛን ልጆች ሲያሠለጥን ቆይቶ በ1946 በአይሮፕላን አደጋ ሞተ፤ አዲስ አበባ ነው የተቀበረው።

ከሁሉም ረጅሙ ግን የ1969ኙ ነው። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ ወሰን ተሻግሮ ሲመጣ፣ ኤፍ ፋይቮቹ ከዚሁ ከደብረ ዘይት እየተነሱ ነበር። የሶማሊያ አብራሪዎች ሚግ 21 ይነዱ ነበር፤ በፍጥነት ይበልጣል። የእኛዎቹ ግን በሥልጠና በልጠው ሰማዩን ያዙ። ስለ ለገሰ ተፈራ ሲነሳ ሁሉም ዝም አሉ፤ ከሶማሊያ አይሮፕላኖች ደጋግሞ የጣለ፣ ከዚያ ራሱ ከመሬት ተመትቶ ተማርኮ 11 ዓመት በእስር ቆይቶ በ1980 የተፈታ። አብራሪውን ታሪክ ጽፎታል፤ ይገባዋል። እኔ የፈለግኩት ግን የእነዚህን የአምስቱን ሽማግሌዎች ነበር፤ እነሱ ስለ ራሳቸው ሳይጠየቁ አይናገሩም።

ጠየቅኩ። አይሮፕላኑ አርፎ እንደገና እስኪነሳ ምን ትሠሩ ነበር?

ጋሼ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «አፍንጫው ውስጥ ሁለት መድፍ አለ፣ 20 ሚሊሜትር» አለ። «ለእያንዳንዱ 280 ጥይት። መክደኛውን ትከፍቺያለሽ። ብረቱ ይፋጃል፣ ጓንት ብታደርጊ ሰንሰለቱ አይሰማሽም፣ ስለዚህ በባዶ እጅ ነው። ጥይቱ ከተጣመመ ላይ ሄዶ ይነክሳል፤ ሰማይ ላይ ከነከሰ አብራሪው ባዶ እጁን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በጣትሽ ትዳስሻለሽ። አንዱ ነዳጅ ይሞላል፣ አንዱ ጎማ ያያል፣ አንዱ ክንፉ ጫፍ ላይ ሚሳይል ይሰቅላል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳል፣ ትርቂያለሽ፣ ታዳምጫለሽ። ድምፁ ቀጥ ያለ ከሆነ አውራ ጣትሽን ታነሺያለሽ። ከሄደ በኋላ ነው የሚከብደው። ቁጭ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ። ሁለት ሄደው ሁለት መመለሳቸውን የምታውቂው በድምፅ ነው፤ ከዓይን በፊት።»

«አንድ ብቻ የመጣ ጊዜስ?» አልኩት።

አንዳቸውም አልመለሱልኝም። ቡና ቀጂዋ ሦስተኛውን አመጣች።

ልንነሳ ስንል ሁለት ሱኮይ 27 ጎን ለጎን ሆነው ወጡ። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ጅራት፣ 22 ሜትር ገደማ ርዝመት። ሲኒዎቹ ማስቀመጫቸው ላይ ተንጫጩ። አምስቱም ሽማግሌዎች አንድ ላይ፣ እንደ ሕፃናት፣ ቀና አሉ።

አርብ

ስለዚህ ቀን ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዣለሁ።

የጋሼን ግቢ ከጎረቤት የሚለየው የብሎኬት ግድግዳ ነው። በዚያኛው በኩል አንዲት ሴት ከስምንት ዓመት ልጇ ጋር ተከራይታ ትኖራለች፤ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታስረክባለች። ከሰሜን ነው የመጣችው። ጋሼን «አቦይ» ነው የምትለው፤ ባለቤቱ ስትታመም ሌሊት ተነስታ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት እሷ ናት። አርብ ጠዋት እንጀራውን ለማድረስ የኛን በር አልፋ እየወጣች፣ በሳህን ሽሮ አምጥታልን ነበር።

ጋሼ ከወንበሩ ብድግ አለ። እኔ ምንም አልሰማሁም። መዳፉን ቆርቆሮው በር ላይ ለጥፎ ቆመ። «ይመጣል» አለ። እጄን አጠገቡ አደረግኩ። ቆርቆሮው እንደሚፈላ ድስት ክዳን በጣም በቀስታ ይርገበገብ ነበር። እንዲህ ነው ሁላችንን የሚቀድመን፤ የቀረው ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ እሱንም በጆሮ ሳይሆን በእጁና በደረቱ ነው የሚሰማው።

ከዚያ መጣ። ዝቅ ብሎ ነበር። «ሚግ 23!» ጮኸ ጋሼ፣ ፊቱ በርቶ። «አንድ ሞተር፣ ክንፉን እይው፣ ክንፉን እይው!» የሚግ 23 ክንፍ ይንቀሳቀሳል፤ ለመነሳትና ለማረፍ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ሲፈጥን ደግሞ ከ16 ዲግሪ ወደ 45፣ ከዚያ እስከ 72 ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ እንደሚወረወር ጭልፊት። አየሁት፤ ታጥፎ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ዲዛይን ነው። እውነት ለመናገር ያምራል። ልቤ ዘለለ፤ የልጅነቴ ልብ።

ዘወር ስል ሴትዮዋ መሬት ላይ ነበረች። የእንጀራው መሶብ ተደፍቷል። ግድግዳው ሥር ተኮራምታ ልጇን ከሥሯ አድርጋ ጆሮዋን በሁለት መዳፏ ደፍናዋለች። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ «እማ፣ ሄዷል። እማ፣ ሄዷል» ትላታለች።

የጋሼ እጅ ገና ወደ ሰማይ እንደተዘረጋ ነበር። ቀስ ብሎ አወረደው።

እትዬ ውሃ አመጣች። እንጀራውን ሰብስበን የተረፈውን አጸዳን። ቡና ተፈላ። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ይቅርታ! ጋሼ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከአፏ ለማንበብ ፊቷን ትኩር ብሎ እያየ፣ «ልጄ፣ የት ነበርሽ?» አላት። መቼ አላለም። የት።

«ሐውዜን» አለች። «ገበያ ነበር። ረቡዕ። እናቴ እንቁላል ልትሸጥ ይዛኝ ወጥታ ነበር። ነፋሪት መጣ።» ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቃትም።

ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የጊዜው መንግሥት አይሮፕላኖች የገበያ ቀን ጠብቀው ሕዝቡን ደበደቡ፤ ወደ 2,500 ሰው እንደሞተ ይነገራል። አውቀው ነበር እንጂ በእኛ ግቢ፣ ከሽሮ ሳህኑ አጠገብ፣ ተቀምጦ አላየሁትም።

ማታ ጋሼ እራት አልበላም። መብራት ካጠፋን በኋላ ከመደቡ ላይ ድምፁ መጣ፤ ይህን ጊዜ ዝቅ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«በ1980 አስመራ ነበርኩ።»

ዝም አልኩ።

«ሰኔን ሁሉ ይነሳሉ፣ ያርፋሉ። የት እንደሚሄዱ የሚነግረን የለም። እኛም አንጠይቅም። ባዶ ሆኖ ሲመለስ እንሞላለን። ድምፁ ቀጥ ያለ ከሆነ አውራ ጣታችንን እናነሳለን።» ከዚያ ረጅም ጊዜ ቆይቶ፣ «እናቴ ትል የነበረውን ታስታውሺያለሽ?» አለኝ።

«አስታውሳለሁ» አልኩት፤ ግን በጨለማ አፌን ስለማያይ አልሰማኝም። ተነስቼ እጁን ያዝኩት።

ቅዳሜ

ስነቃ ከግቢው የድንጋይ ድምፅ ይሰማል። ጋሼ ከነጋ ጀምሮ ወንበሩን ከቆርቆሮው በር ወደ ብሎኬቱ ግድግዳ ሲያዛውር ነበር። ከበሩ ላይ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ፈትቶ በሽቦ ከአጥሩ ጋር አስሮታል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግራ እጁ በቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል። በቀኝ እጁ ያን 7/16 ቁልፍ ይዟል።

ሴትዮዋንና ልጇን ጠርቶ አስረዳቸው። እሱ ከማንም በፊት ይሰማል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይነግራታል። የሰው ማጓጓዣ ከሆነ፣ ወደ ድሬዳዋ ወይ ወደ ጅጅጋ የሚያልፈው፣ ግድግዳውን በቁልፉ አንዴ ይመታል። ተዋጊ ከሆነ ሁለቴ። ሁለቴ ሲመታ ከመድረሱ በፊት ቤት ገብታ በሩን ለመዝጋትና ልጇን ይዛ ለመቀመጥ ጊዜ ይኖራታል። «በድንገት አይመጣብሽም» አላት። «እኔ እያለሁ በድንገት አይመጣም።»

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ስለ አስመራ ነግሯት እንደሆነ አላውቅም። ከመሄዴ በፊት እንደሚነግራት ለእኔ ነግሮኛል፤ መቼ እንደሆነ የራሱ ነው።

ልጅቷ መሞከር አለበት አለች። ወደ ቤታቸው ሮጣ ገባች። ጋሼ መታ። ከወዲያ ማዶ በማማሰያ ይመስለኛል፣ አንዴ መለሰችለት። እሱ አልሰማም፤ መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ነበርና ግን ፈገግ አለ። ደግሞ መታ። ደግማ መለሰች። እትዬ ከማድ ቤት ወጥታ «ግድግዳውን ልታፈርሱት ነው?» እስክትል ድረስ ቀጠሉ።

የሐዋሳ መኪና 5 ሰዓት ላይ ስለሚነሳ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ጋሼ ሊሸኘኝ አልተነሳም፤ ሲነሳ አየሁት፣ ከዚያ ወደ ቆርቆሮው አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ሳምኩት። ለመሣሪያው ገንዘብ እስከ ጥር እንደምልክ ነገርኩት፤ ሰምቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ራሱን ነቀነቀ። ባጃጁ ጥጉን ሊታጠፍ ሲል ሰማይ ላይ ምንም አልነበረም፣ ለእኔ። ከኋላዬ ግን የቁልፉ ምት መጣ። አንዴ። ቆሜ ሁለተኛውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ከአዲስ አበባ በኩል የመንገደኞች አይሮፕላን ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅ ሲያልፍ አየሁ።